ጠላ ያልተጠመቀለት ደቦ

ጓደኛዬ ኮምፒውተር ተምሮ ሲያበቃ ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየ። ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ የተሰነጠቀ የስልክ መስተዋት ይቀይራል፤ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ፕሮግራም ይጽፋል። እኔ ገጣሚ ነኝ። ገጣሚ ማለት ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታ የሚፈልግ ሰው ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሱቁ አልጠፋም። ለሠርግ ጥሪ ወረቀት ግጥም እየጻፍሁ፣ ሰው ሲገባ ወንበሬን እየለቀቅሁ፣ እውላለሁ።

አንድ ቀን አንድ ነገር እየሠራ እንደሆነ ነገረኝ። በስልክ የሚያናግሩት፣ በአማርኛ የሚመልስ የኤአይ ረዳት ነው።

«ወሬኛ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እጅ እየሰጠሁት ነው» አለኝ።

«እንዴት ያለ እጅ?»

«መሣሪያ። የአየር ጠባይ የሚያይበት፣ ለገበሬው አጭር መልእክት የሚልክበት፣ ሰው ለሥራ የሚጠራበት። መሣሪያውን እኔ በኮድ እሠራለሁ። እሱ ግን ኮዱን አያየውም። የሚያየው የመሣሪያውን ስምና ከስሙ ሥር የተጻፈውን መግለጫ ብቻ ነው። የትኛውን መቼ እንደሚያነሣ የሚወስነው ያንን አንብቦ ነው።»

«መግለጫውን ማን ይጽፈዋል?»

ቻርጅ ላይ የተሰካውን ስልኬን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ገባኝ።

ደስታዬን አልደብቅም። ግጥሜን እስከ መጨረሻው መሥመር የሚያነብ አንባቢ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘሁ። አንብቦ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብሎ የሚሄድ አይደለም፤ አንብቦ ተነሥቶ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ ያገኘ ገጣሚ በአገራችን ያለ አይመስለኝም።

ከመሣሪያዎቹ መካከል ሁለቱ ሰው የሚጠሩ ነበሩ። አንዱ ደቦ ይጠራል፣ ሌላው ወንፈል። ጓደኛዬ እስቴ ከተማ ውስጥ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ያደገ ነው፤ ማጭድ የሚያውቀው በሥዕል ነው። «ሁለቱም ሰው ለሥራ መጥራት አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው ብዬ አስረዳሁት። ደቦ ሲሆን ጠሪው ጠላ ይጠምቃል፣ ያበላል፣ መንደሩ ሁሉ ይመጣል። ወንፈል ሲሆን ግን ተራ ነው፤ ዛሬ የሠራሁልህ ነገ ትሠራልኛለህ፤ ጠላም ግብዣም አይጠየቅበትም፤ የሚጠራውም የሥራ ብድር ያለበት ብቻ ነው። ይኸን ሁሉ በአፌ አጥርቼ ከነገርሁት በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርሁና እንዲህ ብዬ ጻፍሁ።

ለደቦ፦ «ክንድ ለክንድ የሚደጋገፍበት፣ ማሳው በሰው የሚያብብበት፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚደርስበት የጥሪ ድምፅ።»

ለወንፈል፦ «ጎረቤት ለጎረቤት የሚደርስበት፣ ማሳው በሰው የሚያብብበት፣ ክንድ ለክንድ የሚደጋገፍበት የጥሪ ድምፅ።»

ጓደኛዬ አንብቦ ጭንቅላቱን አከከ። «ይኼ ያው አይደለም?»

«ዜማው ይለያል» አልሁት።

ሞከርነው። «ደቦ ጥራ» ብለን ጻፍንለት፤ ደቦውን አነሣ። «ወንፈል ጥራ» አልነው፤ ወንፈሉን አነሣ። ተጨባበጥን። የመሣሪያዎቹን ስም የምናውቅ ሁለት ሰዎች፣ ስማቸውን እየጠራን፣ ሥራችንን ራሳችን ፈትነን ራሳችን አሳለፍነው። ከዚያ በኋላ ወደ አክስቴ መንደር ወርጄ፣ እየዞርሁ ሰውን ፈቃድ እየጠየቅሁ፣ ስምና የስልክ ቁጥር አስገባሁ። ለደቦው የሚላከውንም መልእክት፣ ስለ ክንድና ስለ ጎረቤት አብዝቼ፣ እኔው ጻፍሁት። መጨረሻው «የሚበላው የሚጠጣው ተሰናድቷል፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» ይላል። በዚህች መሥመር ሳምንቱን ሙሉ ስኩራራ ሰነበትሁ።

አክስቴ በኅዳር፣ ሚካኤል ሊደርስ ሲል፣ ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ሱቁ ድረስ መጡ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ማሳቸውን የሚያሠሩት በወንፈል ነው። አንድ በሬ አላቸው፤ በእርሻ ጊዜ በሬውን ለአንዱም ለሌላውም ይሰጣሉ፤ የወሰደው ሰው ደግሞ በአጨዳ ጊዜ በጉልበቱ ይመልስላቸዋል። ይኸን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስለሚያውቀውም ማንም አይናገረውም።

«አየሩን አየኸው?» አሉኝ ዱቄቱን ከትከሻቸው እያወረዱ። «ስንዴው ደርቆ ሊረግፍ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ፊቱን አጥቁሯል። ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው። ነገ ካልታጨደ አለቀልኝ።»

«እትዬ፣ ለረዳቱ ይንገሩት» አልሁና ስልኩን አቀረብሁላቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቢሮ የገቡ ያህል ቀና ብለው፣ «ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አደርክ?» አሉት። በደኅና ማደሩን ነገራቸው። «ስንዴዬ ሊረግፍብኝ ነው። ለነገ ጠዋት ሰው ጥራልኝ» አሉ። ትንሽ ቆየና፣ «እሺ፣ ለነገ ጠዋት ሰዎች ተጠርተዋል» አለ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ያለ ጨዋ ነው! አንተ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ታስለፈልፈኝ ነበር።» ዱቄታቸውን ተሸክመው ሄዱ። ጓደኛዬ ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት ለአንድ ደንበኛ መታወቂያውን በነፃ ኮፒ አደረገለት።

እኩለ ቀን ሳይሆን ስልኬ ጮኸ።

«አንተ!»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ጠላዬ የት ነው?»

«የምን ጠላ?»

«እኔም እሱን ልጠይቅህ ነው የደወልሁ! ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆማ ‹ጌሾ ስትወቅጪ እንኳ ድምፅ አልሰማሁ፣ መቼ ጠምቀሽ ነው?› ትለኛለች። አገሩ ሁሉ በስልኩ ደቦ ተጠርቷል። የሚበላው የሚጠጣው ተሰናድቷል ይላል። ማን ነው ያሰናዳው? አንተ ነህ?»

«እትዬ፣ ምናልባት...»

«የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት ይላል! የቀረሁስ እኔ ነኝ!»

ስልኩን ዘጉት። ጓደኛዬ ኮምፒውተሩ ላይ ረዳቱ የሠራውን ከፍቶ አየ። «ሰው ጥራልኝ ነው ያሉት። ደቦም ወንፈልም አላሉም። እሱ ደግሞ ሁለቱን መግለጫ አነበበ፣ ልዩነት አጣ፣ መጀመሪያ ያገኘውን አነሣ። እኔ አልፈርድበትም። እስኪ ስሙን ሸፍነህ አንተው ለይ።» ሸፈነልኝ። አነበብሁ። ደግሜ አነበብሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የጻፍሁት ሰው አላወቅሁትም።

ያላደገበት ሰው ነገሩን እንደ ቀልድ ሊያየው ይችላል። ጠላ በአንድ ምሽት አይደርስም። ደቦ ጠርቶ ሰው ደርቆ እንዲመለስ ያደረገ ቤት ደግሞ ወሬው እስከሚቀጥለው መኸር አይለቀውም። ጥሪው ይሰረዝ ቢባል ነገ ያልፋል፤ ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ማጭድ የሚያነሣ የለም፤ ሰማዩ ደግሞ የማንንም በዓል አይጠብቅም። ስንዴያቸውን ብናድን ስማቸው ይጠፋል፤ ስማቸውን ብናድን ስንዴው።

«ጥሪውን የሚያስተካክል መልእክት እንላክ» አልሁ።

«የመጥሪያ መሣሪያ እንጂ የመመለሻ አልሠራሁም።»

«በእጅህ ላከዋ!»

በእጁ ሊልክ ሲል ኔትወርኩ ጠፋ። ጓደኛዬ ስልኩን ወደ ጣሪያው፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ዘረጋው። እኔ ሱቁን ቆለፍሁ።

በአርብ ገበያ መንገድ በሚኒባስ ወረድን፤ ከዚያ በእግር። ጓደኛዬ ነጭ ስኒከር ነበር ያደረገው። አክስቴን ለማየት አልደፈርንም፤ በቀጥታ ከመጀመሪያው ቤት ጀመርን። አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማጭዱን በድንጋይ እየሳለ ነው። ለነገው ደቦ መሆኑ ነው።

«ደቦ አይደለም፣ በስሕተት ነው» አልሁት። «ወንፈል ነው።»

መሳሉን አቆመ። «እኔ የእሳቸውን በሬ አልወሰድሁም። ወንፈል የለብኝም። ታዲያ ልምጣ ወይስ ልቅር?»

ይኸን አላሰብሁትም ነበር። ወደ ጓደኛዬ ዞርሁ፤ እሱ ወደ ስኒከሩ አቀረቀረ።

«ካልተጠራህ ለምን አልተጠራሁም አትልም፤ ከተጠራህ ደግሞ ለምን እንደተጠራህ የሚነግርህ የለም» አለና ሰውየው ሣቀብን። «ከተማ ሄዳችሁ የተማራችሁት ይኸን ነው?»

በሚቀጥለው ቤት አንዲት ሴት ወጣች። «ባለቤቴ ስማዳ ሄዷል። ወንፈሉ አለብን፤ በሬውን ሁለት ጊዜ ወስደናል። ወንድሜ በእሱ ፈንታ ቢመጣ ይቆጠርልናል?» በሦስተኛው ቤት ደግሞ፣ «የላይኛው ማሳ ነው ወይስ ወንዙ ዳር ያለው?» ተባልን። መልእክቱ ስለ ክንድና ስለ ጎረቤት ብዙ ብሏል፤ ማሳው የት እንደሆነ ግን አላለም። ጓደኛዬ እየሄደ ጥያቄዎቹን ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። በየደጃፉ አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል። መግለጫው ሊመልሳቸው ይገባ የነበሩ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ስለሚያውቃቸው ማንም ያልጻፋቸው።

አንድ ቤት ስንደርስ ጓደኛዬ አፍንጫውን አነሣ። «ጠላ ሸተተኝ! እዚህ ቤት ጠላ አለ እኮ! ለነገ ቢያበድሩን...»

«የሚካኤል ነው» አልሁት እጁን ይዤ። «የማኅበር ነው። አፍህን ያዝ።»

«አንድ እንስራ ብቻ...»

«መልአኩን ልታስጠማው ነው?»

የመጨረሻው ቤት የአንድ ሽማግሌ ነበር። በመንደሩ የሰው ጠብ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። በደቦና በወንፈል ጉዳይም የመጨረሻ ቃል የሚሰማው ከእሳቸው ነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳናቸው። ማሽን እንደሆነ፣ መግለጫ አንብቦ እንደሚሠራ፣ መግለጫውን እኔ እንደጻፍሁት። አልተቆጡም። አዳመጡና፣ «ቀኑንስ ያውቃል?» አሉ።

«የምን ቀን፣ አባባ?»

«በዓል። ከነገ ወዲያ ጥራልኝ ብትለው ኖሮ በሚካኤል ቀን አገሩን ማጭድ አስይዞ ያወጣው ነበር?»

ጓደኛዬ ቀስ ብሎ፣ «ያወጣው ነበር» አለ።

ሽማግሌው አማተቡ። «እንግዲያው ተመስገን በሉ። ነገ ማለዳ ሁላችንም ሜዳው ላይ እንተያያለን።»

ማለዳ ላይ አክስቴ ማሳቸው ዳር ቆመው ነበር። አጠገባቸው ትልቅ ድስት ንፍሮና አንድ ጀሪካን ውሃ አለ። እኛን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። ወንፈል ያለበት መጣ፤ ወንፈል የሌለበትም መጣ። ያ ማጭድ ሲስል ያገኘነው ሰውም መጣ። ደቦው ስሕተት መሆኑን እንደነገርነው አስታወስሁት።

«የመጣልኝ መልእክት ሁሉ ካርድ ሙላ የሚል ነበር» አለኝ። «ትናንት ግን ስሜን ጠርቶ ‹የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት› አለኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ታዲያ እንዴት ልቅር?»

አክስቴ ሰው በዛባቸው። ወደ መካከል ወጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጠላ የለኝም!» አሉ። «ቀድሜ ልናገር። ንፍሮ አለ፣ ውሃ አለ። እኔ ደቦ አልጠራሁም። የጠራው የእነዚህ ማሽን ነው።»

«እንግዲያው ማሽኑ ይቅዳልን!» አለ አንዱ ከኋላ። ሣቅ ሆነ። አክስቴ ግን አልሣቁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሰውን ፊት አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ማን እንደሚመለስ ሊያዩ ነው። ሰማዩ ከጋራው በላይ ጠቁሮ ወርዷል። አንዱ ጎንበስ አለና የመጀመሪያውን ጭብጥ አጨደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ትንሽ እንደተሄደ፣ «ገጣሚው የት ነው? ዜማ አውጣልን እንጂ!» ተባለ። በደስታ ጀመርሁ። ስለ ማሳውና ስለ ንጋቱ፣ ስለ ሰው ልጅ ላብና ስለ ምድር ምስጋና፣ ረጅም አድርጌ አወረድሁት። ማንም አልተቀበለኝም። ማጭዱ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ መሥመሬ ገና አላለቀም።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ ሲያልቅ ስንዴውም ያልቃል» አለኝ አጠገቤ ያለው። «እኛ የምንይዘውን ስጠን።»

አሳጠርሁት።

«ጎንበስ በል ወንድሜ፣ ቀና አትበል አደራ፤
ደመናው ወረደ ተነሥቶ ከጋራ።»

ይኸን ተቀበሉት። ከማጭዱ ጋር ሄደ። ጓደኛዬ ሳይቀር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከመጨረሻው ረድፍ ላይ ያጭዳል፤ ያጭዳል ማለት እንኳ ይከብደኛል፤ ስንዴውን በአንገቱ ይዞ የሚለምነው ይመስል ነበር። «ከሥሩ ነው እንጂ ከጉሮሮው አይደለም!» ይሉታል ሴቶቹ ነዶ እያሰሩ።

ንፍሮ ለመብላት አረፍ ሲባል ማሳው ከግማሽ በላይ ታጭዶ ነበር። ሰው ውሃውን ቀድቶ ጠጣ። አንዱ ጣሳውን አንሥቶ፣ «ለመሆኑ ይኸ ምንድን ነው? ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?» አለ። አክስቴ ንፍሮ ሲጨልፉ እጃቸው ቆመ። ጥያቄው የሣቅ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ደቦ ነው ከተባለ ጠላ ያልተቀዳበት ደቦ ነው፤ ስማቸውን ይዞ ይዞራል።

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሳቸው ንፍሯቸውን አኝከው ጨረሱ፤ አልቸኮሉም።

«ጠላ ስላልተጠጣ ደቦ አይደለም» አሉ። «ደቦ ስላልሆነም በጠላ የሚታማ ሰው የለም። ይኸን ሁላችሁም ያዙልኝ።» አክስቴ ትንፋሻቸው ሲወጣ ሰማሁት። ሽማግሌው ቀጠሉ። «በሬ የወሰደ ወንፈሉን መለሰ፤ አለቀ። በሬ ያልወሰደውስ? የማንንም ብድር አልመለሰም፤ ጠላም አልጠጣም። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ወንፈል ጀመረ ማለት ነው። ለእሱ ይመለስለታል።»

«እመልሳለሁ!» አሉ አክስቴ ወዲያው። ከጠዋት ጀምሮ ያላየሁት ፈገግታ ፊታቸው ላይ ወጣ። «ለእያንዳንዱ እመልሳለሁ። ሁለት ጎበዞች አሉልኝ።»

ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሁለቱ ጎበዞች እነማን ናቸው?»

ነዶው ተከምሮ ጫፉ ሲከደን ጠብታው ጀመረ። ከክምሩ ሥር ተጠጋግተን ቆምን። አክስቴ በዝናቡ ውስጥ ክምሩን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ በመዳፋቸው ደብደብ አደረጉት፤ ከዚያ እኔንም ማሳው ላይ እንዳለ ነገር በመዳፋቸው ጀርባዬን ደብደብ አደረጉኝና ወደ ቤት ገቡ።

ሚካኤል ካለፈ በኋላ የአክስቴን ወንፈል መመለስ ጀመርን። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ቆልፈን እንወርዳለን። አንድ ቀን ያ ማጭድ ሲስል ያገኘነው ሰውዬ ገብስ ላይ፣ ሌላ ቀን ሌላው ጤፍ ላይ። ጓደኛዬ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡ ሰዎች ማሳ ድረስ እየደወሉ ይቆጡታል። እኔ ደግሞ በየዕረፍቱ መግለጫውን እጽፋለሁ። ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ፤ የሚያምረውን ባወጣሁ ቁጥር ነገሩ ይጠራል፤ በጣም ያናድዳል።

የሽማግሌው ማሳ ላይ በነበርንበት ቀን ጓደኛዬ አዲሱን ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

«ወንፈል መጥሪያ። የሥራ ብድር ያለባቸውን ሰዎች ብቻ ይጠራል። ጠላና ግብዣ አይጠየቅበትም። ለደቦ አትጠቀምበት፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ አለ። ጠሪው ደቦ ወይም ወንፈል ብሎ ካልተናገረ ጠይቀው እንጂ አትገምት። የትኛው ማሳ እንደሆነ ሳታውቅ አትላክ። በበዓል ቀን አትጥራ። መልእክቱ አንዴ ከሄደ አይመለስምና ከመላክህ በፊት ለጠሪው አንብብለት። የተሠራለት ሰው በተራው ሠርቶ ይመልሳል።»

ሽማግሌው ማጭዳቸውን ተደግፈው አዳመጡ። እኔ የሚያሞግሱኝ መስሎኝ ወገቤን አቀናሁ።

«የመጨረሻውን ምን አልክ?» አሉት ጓደኛዬን።

«የተሠራለት ሰው በተራው ሠርቶ ይመልሳል።»

«እሱማ ወንፈሉ ራሱ ነው። ዋናውን ነገር ጭራ ላይ ያስቀምጣሉ? መጀመሪያ አምጡት።»

ጓደኛዬ በተጠቀለለው እጁ፣ ባልተጠቀለለችው አንዲት ጣት፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። «አስቀደምሁት፣ አባባ።»

«ደግ። እንግዲህ ጎንበስ በል፤ የማሳው ዳር ገና እዚያ ማዶ ነው።»